የምንጣፍ ፒላቲስ በላስቲክ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እንዴት ትሠራላችሁ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ መልሱ ግን 33 ደረሰ። አሁን አሁን የሚገቡ ሰዎች የተመለሰውን ደግመው ይጠይቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ ክሩ ረዝሟል፣ መሀል ላይም ጭቅጭቅ አለበት። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ልንገራችሁ። የረባውን ሰፋ አድርጌ፣ ሌላውን አለፍ አለፍ እያልኩ።

መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ነበር። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ወገቤን ማመም ከጀመረኝ ሁለት ዓመት አልፏል። ጂም ገብቼ ብረት ማንሳት ሞከርኩ፤ የሚያሳየኝ ሰው ሳይኖር ስለጀመርኩ ባሰብኝ። ከዚያ ጓደኛዬ ምንጣፍ ላይ የሚሠራ የፒላቲስ ቪዲዮ ላከችልኝ፤ ሆድንና ወገብን በቀስታ የሚያጠነክር የስፖርት ዓይነት ነው። ስድስት ሳምንት ያለ ምንም ዕቃ ሠራሁ። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ቀይ ላስቲክ ይዛልኝ መጣች። ሰፊና ስስ፣ እንደ ሪባን የሚጠቀለለው ዓይነት ነው።

በላስቲኩ ስሠራ አንድ ነገር ገባኝ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ላስቲኩን በውስጥ እግሬ አሳልፌ፣ ሁለቱን ጫፍ በእጄ ይዤ እግሬን ስዘረጋ አይደለም የሚከብደኝ። ሲመለስ ነው። ለቀቅ ካደረግሁት እግሬን እየጎተተ ያመጣዋል፤ ወገቤም ከምንጣፉ ብድግ ይላል። ቀስ ብዬ ስመልሰው ግን ሆዴ ሲሠራ ይሰማኛል፤ ወገቤም ካለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ላስቲክ የሚያስተምረው ሲለጠጥ ሳይሆን ሲመለስ ነው ብል ትስማማላችሁ? ደግሞስ ቪዲዮው ላይ የማየውን፣ በእጅ ወይም በጉልበት መሀል የሚጨመቀውን ትልቅ ቀለበትና ትንሿን ኳስ በምን ልተካ? ፒያሳም አራዳም ዞሬ አጥቻቸዋለሁ።

1ኛው መልስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጣ። የቧንቧ ውሃ ልጅ ናት። አብሽሪ ብላ ጀመረች። እሷም በወገቧ ሰበብ እንደገባችበት፣ በሦስተኛው ወር ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር እንደቻለች ነገረችኝ። በመመለሱ ነገር ሙሉ በሙሉ ተስማማች።

2ኛው ኮምቦልቻ ውስጥ አሠልጣኝ ነው። በትህትና አረመኝ። ብረት ከታችም ሆነ ከላይ ክብደቱ ያው ነው፤ ላስቲክ ግን በተለጠጠ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ከሁሉም የሚከብደው መለጠጡ የሚያበቃበት ቦታ ነው፤ መመለሱም የሚጀምረው ከዚያው ከከባዱ ነው። የተሰማኝ ነገር ትክክል እንደሆነ፣ ግን መሄዱንም መናቅ እንደሌለብኝ ጻፈልኝ። ተወርውሮ የተለጠጠ ላስቲክ በቀስታ ሊመለስ አይችልም አለ። ቁጥርም ጨመረ። ፊዚዮቴራፒስቶች ዘንድ በጣም የሚታወቀው ላስቲክ ርዝመቱ እጥፍ እስኪሆን ሲለጠጥ ቢጫው 1.3 ኪሎ፣ ቀዩ 1.7፣ አረንጓዴው 2.1 ኪሎ ያህል ይጎትታል። ቀለሙ ግን በየፋብሪካው ይለያያል። የአንዱ ቀይ የሌላው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ይህን ባልሰማ ኖሮ ቀጣዩን በቀለም ብቻ ልገዛ ነበር።

3ኛው በጨዋ ቋንቋ ተቃወመ። የፒላቲስ ፈጣሪ እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተማቸው የምንጣፍ እንቅስቃሴዎች 34 ናቸው፤ አንዱም ዕቃ አይፈልግም። ታዲያ ላስቲክ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደን ነው ነገሩ።

4ኛዋ ቁጥሩን ተቀበለችና ሐሳቡን አረመች። ጆሴፍ ፒላቲስ ያለ ዕቃ ብቻ ያሠራ ሰው አይደለም፤ በስፕሪንግ የሚሠሩ አልጋ መሳይ መሣሪያዎችን የሠራውም፣ ቀለበቱን ያመጣውም ራሱ ነው። የመጀመሪያውን ቀለበት ከቢራ በርሜል ማሰሪያ ብረት እንደሠራው ይነገራል። ስልቱንም ኮንትሮሎጂ ብሎ ነበር የጠራው፤ መቆጣጠር ለማለት ነው። ለእኔ ጥያቄዬን የመለሰው ይህ ቃል ነው። ሲመለስ የምንቆጣጠረው እንቅስቃሴ ነው ዋናው ነገር።

ቢራ የሚለውን ቃል ያየው 5ኛው የኮምቦልቻ ልጅ ወዲያው ገባ። ከተማው ቢራ ፋብሪካ አለው፣ እሱ ደግሞ በያጅ ነው። ልኩን ብቻ ስጡኝ፣ እሞክረዋለሁ አለ። አሠልጣኙ የመደበኛው ቀለበት ስፋት ከ35 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር አካባቢ እንደሆነ ነገረው። እስከ 9ኛው ድረስ ድምፁ ጠፋ።

6ኛዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። መልሳቸው የክሩ ምሰሶ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላውን ባታነቡ ይህን አንብቡ። አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች፣ ከተኙበት አከርካሪን እያጠፉ የሚነሱበትን እንቅስቃሴ ይተዉት አሉ። የተጎዳ አከርካሪ እየታጠፈ ጭነት ሲጨመርበት ሊሰበር ይችላል። ለእነሱ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ላስቲክ መሳብ ይሻላቸዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ በጀርባዋ ረጅም ጊዜ ተኝታ አትሥራ። የወገቡ ሕመም ወደ እግር እየወረደ የሚያደነዝዘው ሰው ሐኪም ሳያየው አይጀምር። መቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከመጣ ግን ነገ አይባልም፤ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ነው።

7ኛዋ ገና የወለደች እናት ናት። አራስ ቤት እናቷ ሆዷን በመቀነት ጥብቅ አድርገው እንዳሰሩላት፣ መቀነቱን እንደ ላስቲክ ይዛ ብትሠራ ይሆን እንደሆነ ጠየቀች። 8ኛው መልስ እንደገና የእትዬ ነው። በደህና የወለደች እናት ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይታ፣ ታይታ ትጀምር አሉ። ቀና ስትል እምብርቷ ላይ እንደ ጀርባ ሸንተረር የሚወጣ ነገር ካየች የሆድ ጡንቻዋ መሀሉ ገና አልገጠመም ማለት ነው። ያኔ ከትንፋሽና ተረከዝን ምንጣፍ ላይ ከማንሸራተት አትለፍ። መቀነት ደግሞ አይለጠጥም፤ ለመደገፊያ ግን ግሩም ነው። ተቀምጣ በውስጥ እግሯ አሳልፋው፣ ይዛው፣ በቀስታ ወደ ኋላ ለመተኛትና ለመነሳት ይረዳታል። እውነትም ያን ሳምንት ሞከርኩት። ያለ መደገፊያ መሀል ላይ ይይዘኝ የነበረው እንቅስቃሴ በመቀነት አለፈልኝ። ዕቃ ማክበጃ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ማቅለያም ነው።

9ኛው፦ በያጁ ተመለሰ። ከብረት የሠራው ቀለበት አልሠራም። አይታጠፍም፤ ከታጠፈም ተጣሞ ይቀራል። ከዚያ ግን የውሃ መስመር የሚዘረጋበትን ጥቁር ፕላስቲክ ቧንቧ ቆርጦ፣ አክብቦ፣ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ውታፍ አገናኝቶ፣ መያዣው ላይ ስፖንጅ ጠቅልሎ ፎቶውን ለጠፈ። ሲጫኑት ይገባል፣ ሲለቁት ይመለሳል። በአንድ ማታ ክሩ ላይ ያልነበረ ሰው ሁሉ ገባ።

ከ10ኛው ጀምሮ አየሩ ተለወጠ። አንድ ሰው እናቶቻችን ከምንጭ ውሃ እየቀዱ፣ በድንጋይ እየፈጩ ወገባቸውን ሳያማቸው ኖሩ፤ እናንተ መሬት ላይ ተጋድማችሁ ጎማ ትጎትታላችሁ ብሎ ወረደብን። 11ኛዋ ደሟ ፈላ። የእሷ እናት ከጦሳ ተራራ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ኖረው ገና በሃምሳ ዓመታቸው እንደጎበጡ፣ አላመማቸውም ያለውን ማን እንደጠየቃቸው ጻፈች። እውነቷን ነው። እነዚያ ሴቶች ያማቸው ነበር፤ የሚሰማቸው ሰው ነበር የጠፋው። 12ኛው ሰውየውን ሰደበው። ስድቡን አልደግመውም፤ በኋላም ተነስቷል።

13ኛው ራሱ የ10ኛው ነው፤ ብሶበት ነበር። ግን ከቁጣው መሀል አንድ እውነት አመጣ፣ እሱን አልነጥቀውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ፒላቲስና ስለ ወገብ ሕመም የተደረገ ግምገማ 10 ጥናቶችን፣ በድምሩ 510 ሰዎችን አይቶ ነበር። ፒላቲስ ምንም ካለማድረግ ይሻላል፤ ከሌላ ስፖርት ይበልጣል ለማለት ግን ማስረጃው አልበቃም። ይህ ትክክል ነው። እኔም ፒላቲስ ከሁሉ ይበልጣል አላልኩም። የምሠራው ስለማልተወው ነው። ጠዋት፣ ቤቴ፣ ሰሌን ላይ፣ ማንም ሳያየኝ ስለምሠራው ነው።

14ኛው አንድ አባት ናቸው፤ ሁለቱንም ገላገሉ። ውሃ መሸከምና ላስቲክ መሳብ የሚለዩበትን በደንብ አስቀመጡት። እንስራ ሁልጊዜ በአንድ በኩል፣ ያለ ዕረፍት፣ ደክሞሽም ቢሆን የሚሸከሙት ነው። ላስቲክ ግን ሁለቱም ጎን እኩል ይሠራበታል፤ ሲደክም ይቀመጣል። 15ኛዋ አሜን አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

16ኛዋን ቆም ብዬ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ እህት ናት። ቀኑን ሙሉ በማሽኑ ላይ ታጎነብሳለች፤ ትከሻዋና አንገቷ ማታ ማታ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ምንጣፍ ዘርግታ የምትተኛበት ጊዜም ቦታም የላትም። ስለዚህ ቢጫ ላስቲክ በቦርሳዋ ይዛ ትሄዳለች። በዕረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ ላስቲኩን በደረቷ ትክክል በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጎን ትከፍተዋለች፤ ቀስ ብላ ትመልሳለች። አሥር ጊዜ፣ ትንሽ ዐረፍ፣ እንደገና አሥር። አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም። መጀመሪያ ብቻዋን ነበረች፤ ሲያዩዋት ሌሎችም ተራ እየጠበቁ መያዝ ጀመሩ። 17ኛው አሠልጣኙ ነው። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ እንዳይወጣ፣ ጎድኗም ወደ ፊት እንዳይከፈት ነገራት፤ ስትከፍት ትንፋሿን እንድታወጣም ጨመረ። እሷም በማግስቱ ልዩነቱ አንገቷ ላይ እንደታወቃት መለሰችለት። ለእኔ ከቀለበቱም ከኳሱም ይልቅ ይህች አምስት ደቂቃ ትልቅ ነገር ናት።

18ኛው ከጎሚስታ ቤት ያረጀ የመኪና ከመነዳሪ በነፃ ወስዶ በመቀስ እየቆረጠ እንደሚጠቀም ጻፈ። 19ኛው አመስግኖ ጥንቃቄ ጨመረ። ወፍራም ጎማ ለእጅ በጣም ይከብዳል፤ ለእግርና ለዳሌ ግን ይሆናል። ሲቆረጥ ጠበብ በተደረገ ቁጥር ይቀላል፤ ስለዚህ ሦስት የተለያየ ስፋት ቆርጦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ማድረግ ይቻላል። ጫፉ ላይ ትንሽ እንኳ ስንጥቅ ካለ ይጣል፤ የሚበጠሰው ከዚያ ነው።

ከ20 እስከ 23 ስለ አየር ሆነ። ኮምቦልቻ ያለች ሴት ላስቲኳ በስምንት ወር ተጣብቆ ተበጠሰ አለች። መስኮት ላይ ፀሐይ ውስጥ ትሰቅለው ነበር። የደሴው መላሽ የእኔ ሁለት ዓመቱ ነው ብሎ ስለ ደሴ ብርድ መመካት ጀመረ። ከዚያ የትኛው ከተማ ለኑሮ ይመቻል ወደሚል ዞሩ፤ ቀጥሎ በሁለቱ ከተሞች መሀል ስላለው የሐረጎ ቁልቁለትና ስለ ሚኒባሶቹ አነዳድ። 25 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ይህን ያህል መልስ! ከመሀሉ የሚጠቅመው አንድ ነው። የላቴክስ፣ ማለትም የተፈጥሮ ጎማ፣ ላስቲክ ጠላቶቹ ፀሐይ፣ ሙቀትና ቅባት ናቸው። አንዱ እንዲለሰልስ ብሎ ቫዝሊን ይቀባው ነበር፤ አሠልጣኙ ፈጥኖ አስቆመው። በውሃ ማጠብ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ እንዳይጣበቅ ፓውደር መነስነስ በቂ ነው። ፀጉራችንን ቅቤ የተቀባን ቀንም እጃችንን በሳሙና ሳንታጠብ አንንካው። ላቴክስ ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው ደግሞ ላቴክስ የሌለበትን ይፈልግ።

ሌላው ከዚያው የወጣ ነገር፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣች ልጅ ትንፋሽ አጠረኝ ማለቷ ነው። መቶ የሚባለውን እንቅስቃሴ ስትሠራ ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ራስን ቀና አድርጎ፣ እጅን መቶ ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው፤ አምስት እየቆጠሩ ትንፋሽ ማስገባት፣ አምስት እየቆጠሩ ማውጣት፣ አሥር ዙር። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ሃምሳ ብትል ይበቃታል ተባለች።

24ኛዋ የደረሰባትን ጻፈች፤ ሳነበው ፊቴን ያዝኩ። ላስቲኳን በበር እጀታ ላይ አስራ ስትስብ፣ ልጇ ከውጭ በሩን ከፈተው። ላስቲኩ ተፈናጥሮ ቅንድቧ ላይ መታት። ዓይኗ ለጥቂት ተረፈ። የምታስሩ ሰዎች በማይከፈት ነገር ላይ እሰሩ፤ የመስኮት ፍርግርግ ብረት ጥሩ ነው። ላስቲኩንም ወደ ፊታችሁ አቅጣጫ አትሳቡ።

25ኛዋ ሴቶች ብቻ የሚሠሩበት ቤት ደሴ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ሂጃቧን አውልቃ በነፃነት መሥራት ትፈልጋለች፤ ረመዳን ሲገባም ሰዓቱ እንዲቀየር። 26ኛዋ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሳሎኗን ቅዳሜ ጠዋት እንደምትለቅ ጻፈች። ምንጣፍ፣ ውሃ የሞላ ሁለት የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስና ትራስ ይዛችሁ ኑ አለች። ጠርሙሱ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፤ ለእጅ ሥራ ይበቃል። ትራሱ ደግሞ ኳሱን ይተካል። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ትራሱን በጉልበት መሀል እየጨመቁ መቀመጫን ማንሳት ነው፤ የታጠፈ ጋቢም ይሆናል። ለኳሱ ጥያቄዬ ያገኘሁት ምርጥ መልስ ይህ ነው።

27ኛው ይህ ሁሉ የሴት ነገር ነው ብሎ ወጣ። 28ኛዋ በአጭሩ አስቀመጠችው። ፈጣሪው እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን የተወለደ፣ በልጅነቱ አስም ያሠቃየው፣ በኋላ ቦክሰኛ የሆነ ወንድ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ በጀርመናዊነቱ ታስሮ ነበር፤ እዚያም አብረውት የታሰሩትን ወንዶች ያሠራ ነበር ይባላል። ኒው ዮርክ ከሄደ በኋላ ነው ዳንሰኞቹ የወደዱት። 29ኛው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። የሴት ይሁን የወንድ ግድ እንደሌለው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ነገር እንደሚፈልግ ጻፈ። እትዬ መጀመሪያ እግሩን ያደነዝዘው እንደሆነ ጠየቁት። አልፎ አልፎ አለ። እንግዲያው መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ላስቲክ አሉት። ሄዶ እንደሆነ እስካሁን አልጻፈም፤ እየጠበቅሁት ነው።

30ኛውና 31ኛው ከስፖርቱ በኋላ ቡና በጨው ወይስ በስኳር በሚል ተያዙ። አልገባበትም።

32ኛው አሠልጣኙ ነው። በሳምንት ስንት ቀን ለሚለው መልስ ሰጠ። የዓለም ጤና ድርጅት ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይመክራል፤ ከዚያ በተጨማሪ 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ያለ እርምጃ ዓይነት ነገር። ስለዚህ ላስቲኩ ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በቀሩት ቀናት ደግሞ ዳገቱን በእግር። ደሴ ላይ ዳገት አይጠፋም።

33ኛው በያጁ ነው። ሁለተኛውን ቀለበት በ36 ሳንቲ ሜትር ሠርቶ ጨርሷል። ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ይልክልኛል፤ እኔም ከመናኸሪያ ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ሰኞ ገበያው ሳሎን እወስደዋለሁ። ስምንት ሴቶች ተመዝግበናል። እትዬም እመጣለሁ ብለዋል፤ ለእሳቸው ወንበር ይዘናል።